ከፎኖግራፍ እስከ ምናባዊ ኮንሰርት፤ የሩቅ ድምፅ የጉባኤን ቦታ ሊተካ ይችላልን?
(በደምበጫና በአካባቢው የአዝማሪ ጨዋታ መነሻነት የቀረበ አጭር ጥናት)

መግቢያ

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። በከተማይቱና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ማሲንቆ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ነው፤ ይኸውም በሠርግ ዳስ፣ በጠጅና በጠላ ቤት፣ ወይም በዓል በሚከበርበት ግቢ ነው። ማሲንቆ አንድ ጅማት ያላት፣ እርሷም ከፈረስ ጭራ የተሠራች ትንሽ መሣሪያ ናት። ድምፅዋ ከዳሱ አልፎ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ መስማት የሚፈልግ ሁሉ መቅረብ አለበት።

በዘመናችን ደግሞ ሰው ሳይቀርብ የቀረበ እንዲመስለው የሚያደርግ ጥበብ መጥቷል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ምናባዊ እውነታ ይባላል። ተመልካቹ ዓይኑን የሚሸፍን መነጽር መሰል መሣሪያ ያጠልቃል፤ በውስጡም ለቀኝና ለግራ ዓይን ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ሥዕሎች ይታያሉ፤ አእምሮም ሁለቱን አዋሕዶ ጥልቀት ያለው ቦታ ያደርጋቸዋል። ተመልካቹ ራሱን ባዞረ ቁጥር ሥዕሉ አብሮ ይዞራል፤ ይህም በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልተፈጸመ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻልም። በዚህ አኳኋን አንድ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት መካከል የቆመ ሊመስለው ይችላል።

ያለ መነጽሩም ቢሆን ተመሳሳይ ዝግጅቶች በኮምፒዩተር መስኮት ቀርበዋል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ትራቪስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፎርትናይት በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ባሳየው ዝግጅት ከ12 ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ እንደተገኙ የጨዋታው ባለቤት ኩባንያ አስታውቋል። በደምበጫ ምድር ይህን ያህል ሰው የሚይዝ ዳስ አይተከልም። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ያለው ጉባኤ በአካል የሚደረገውን ጉባኤ ሊስተካከለው ይችላል ወይ የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥያቄው ለአገራችን አዲስ እንዳልሆነ ለማሳየት ይሞክራል። ሰውየው ሳይኖር ድምፁ ሲመጣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ካየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታሪኩም መልስ የሚሆን ነገር ይዟል።

1. የአዝማሪ ጨዋታ ምን ምን ይዟል?

አስቀድሞ «በአካል የሚደረግ ጉባኤ» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። የአዝማሪን ጨዋታ ያየ ሰው እንደሚያውቀው አዝማሪው ብቻውን አይዘፍንም። ከተሰበሰበው ሕዝብ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንን ግጥም ወዲያው በዜማው ውስጥ አስገብቶ ይመልሰዋል። ግጥሙ ሙሽራውን የሚያወድስ፣ ወይም ጎረቤትን በሰምና ወርቅ የሚወጋ፣ ወይም ሟችን የሚያነሣ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም አዝማሪው በተራው የእንግዳውን ስምና የአባቱን ስም ጠርቶ ያሞግሳል፤ የተሞገሰውም ሰው ይሸልማል። ሳይሸልም ቢቀር ስሙ በሌላ አኳኋን ሊነሣ እንደሚችል ራሱም፣ የተቀመጠውም ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ በዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ግጥም ሰጪ፣ አጨብጫቢ፣ ከፋይና ፈራጅ ነው። የሚወደስም የሚነቀፍም እርሱ ነው። «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የቀድሞ ገዥዎች ልማድ ነበር የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዝማሪው የሚናገረው የራሱን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በጆሮው ያኖረለትን ጭምር ነውና።

ይህ ጠባይ በአዝማሪ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በደቦ አጨዳ ላይ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ የማይቀበል ሰው በሥራውም ወደ ኋላ የቀረ መሆኑ ይታወቅበታል። ጎጃም እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ባሉት ጉባኤ ቤቶቿ የታወቀችበት ቅኔም እንዲሁ ነው። ቅኔ ከተዘረፈና ከተሰማ በኋላ አይደገምም፤ ባለቅኔው ለዕለቱ አዲስ መፍጠር ይገባዋል፤ መምህሩና ተማሪዎቹም እዚያው ሰምተው እዚያው ይፈርዱበታል። የቅኔ ክብሩ ከዚያ ቀንና ከዚያ ጉባኤ ጋር የተያያዘ ነው።

2. ሰውየው የሌለበት ድምፅ

ሰው የሌለበት ድምፅ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የተሰማው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በፎኖግራፍ ቀርጸው ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ደጋግመው አደመጡት፤ ለክብሩም መድፍ ተተኮሰ። በኋላም ምኒልክና ጣይቱ መልሳቸውን በዚያው መሣሪያ ቀርጸው ሰደዱ። የንግሥቲቱ ድምፅ የተቀረጸበት ሲሊንደር ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በራሳቸው ፈቃድ ታዝዞ ነበር።

በዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ የሩቁ ድምፅ ክብር ያገኘው ሰው ተሰብስቦ ስለሰማውና መድፍ ስለተተኮሰለት ነው፤ ማለት አዲሱ መሣሪያ ራሱ የጉባኤ ምክንያት ሆነ። ሁለተኛ፣ ንግሥቲቱ ድምፃቸው ከባለቤቱ ተለይቶ በየቦታው እንዲዞር አልፈለጉም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በሄዱ ጊዜ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነሆ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የእርሳቸው ድምፅ ሊሰማ ይችላል። በዚያው ዘመን በዳሞትና በቡሬ ዳሶች ውስጥ የዘፈኑት አዝማሪዎች ድምፅ ግን ከሰሚዎቻቸው ጋር አልፏል። ስለዚህ መሣሪያውን ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው ይህን ውለታ አስቀድሞ መቁጠር አለበት፤ ጉባኤ የማያስቀረውን መሣሪያ ያስቀራል።

3. የ1929 እና የ1933 ዓ.ም. ምስክርነት

ጉባኤው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከወዳጅ ይልቅ ጠላት መስክሯል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት ወር፣ ማርሻል ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ንግርት ተናጋሪዎችና እየዞሩ የሚያወሩ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ልብ እንበል፤ ግራዚያኒ ራዲዮ፣ አውሮፕላንና ማተሚያ ቤት ያለው ገዥ ነበር። ነገር ግን አንዲት ጅማት ያላት ማሲንቆ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞረውን ሰው ፈራ። አዝማሪው በደረሰበት ሁሉ ሰው ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበውም ሰው ግጥም ይሰጣል፤ ግጥሙም የሁሉ ይሆናል። የገዥው ራዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ አዝማሪው ግን እየሰማ የሚናገር ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ራሱ በደምበጫ በኩል አለፈ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የኢጣልያ ጦር በኮሎኔል ናታሌ አዛዥነት ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ በጨረቃ ወንዝ አጠገብ ከኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጋር ከባድ ውጊያ አደረገ። በዚያው ዘመቻ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ያደራጀው የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ከማሰራጨቱ ሌላ በድምፅ ማጉያ ለጠላት ቅኝ ወታደሮች ጥሪ ያሰማ ነበር። የድምፅ ማጉያው ቃል ከምሽግ ወዲያ ማዶ ይደርሳል። ነገር ግን አርበኛውን ለዓመታት በጫካ ያቆየው ሽለላና ፉከራ ከማጉያ የመጣ አልነበረም፤ ፎካሪው በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የሚናገረውና ነገ በተግባር የሚጠየቅበት ቃል ነበር። ፉከራ በሰው ፊት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው፤ ምስክር ከሌለው ፉከራ አይባልም።

4. መድረክ፣ ራዲዮና ካሴት

ከነፃነት በኋላ የነበረው ዘመን ሙዚቃን ከዳስ ወደ አዳራሽ አወጣው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሥራውን ቀጠለ፤ በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቁሞ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ተለወጠ፤ ሰሚው ትኬት ቆርጦ በተራ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ «ተቀበል!» ማለትም ቀረ። አዝማሪውን ከሰሚው የለየው የመጀመሪያው ነገር የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳይሆን የመድረኩ ከፍታ ነው ለማለት ይቻላል።

ራዲዮና ካሴት ከመጡ በኋላ ደግሞ ድምፁ ወደ ገጠር ተመለሰ። አንድ ሰው ራዲዮ የገዛ እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ደጁ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ መሣሪያው የብቻ ቢሆንም አሰማሙ የጋራ ነበር። ካሴት ሌላም ጥቅም ነበረው። ወደ ጠጅ ቤት መግባት የማይሆንላቸው ሴቶች ልጆችና የቤተ ክህነት ተማሪዎች የማሲንቆውን ጨዋታ በቤታቸው ሊሰሙ ቻሉ። ጉዳቱም አብሮ መጣ። አዝማሪ በዳስ ውስጥ ዋጋውን እዚያው ይቀበላል፤ ካሴት ግን ሲባዛ ዋጋው ወደ ባለቤቱ ላይደርስ ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ካሴት በአገሩ ከተስፋፋ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ለያዝነው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የደርግ ዘመን ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ ሰዓት እላፊ በመታወጁ የሌሊት የሙዚቃ ሕይወት ተዳከመ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተበተኑ። ካሴት እጅግ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ካሴት ጉባኤን ያሸነፈ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሕዝቡ ጉባኤውን በረሳው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሣ በካዛንቺስና በሌሎች ሠፈሮች አዝማሪ ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ካሴቱ በቤቱ እያለለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ስሙን ሊያስጠራ፣ ግጥም ሊሰጥ፣ ሊሰደብና ሊስቅ ወጣ።

5. የ2012 ዓ.ም. ፈተና

ሁለተኛው ማስረጃ ገና ከትዝታችን አልጠፋም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን ከተገኘ በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የዚያን ዓመት ትንሣኤ ብዙ ምእመናን ያሳለፉት ጸሎቱን በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ነው። ቴሌቪዥኑ ካህናቱን ከቅርብ ያሳያል፤ ድምፁም የጠራ ነው፤ መገፋፋት የለም፤ ፀሐይና ዝናብም አያገኝም። ለማየትና ለመስማት ብቻ ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሆኖም አዋጁ አልፎ በጥር 2013 ዓ.ም. ጥምቀት በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ታቦቱን ሊያጅብ በአደባባይ ወጣ። ማጀብ ከቤት ሆኖ የሚፈጸም ተግባር አይደለም፤ እግር ይጠይቃል።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን ከተማ አባ የተባሉት የስዊድን ዘፋኞች በወጣትነት መልካቸው በኮምፒዩተር ተሠርተው የሚታዩበት ዝግጅት ቀርቧል። ዘፋኞቹ በመድረኩ ላይ የሉም። ነገር ግን አዘጋጆቹ 3,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሠሩ፤ ከሥዕሎቹም ጎን በሕይወት ያሉ ሙዚቀኞችን አቆሙ። ሰዎችም ከሩቅ እየመጡ ትከሻ ለትከሻ ቆመው አብረው ይዘፍናሉ። ዘፋኙን በሥዕል መተካት ተቻለ፤ ጎረቤቱን ግን ለመተካት አልተሞከረም።

6. ከደምበጫ አጠገብ የታየ አንድ ሠርግ

ጸሐፊው በጥር 2014 ዓ.ም. ከደምበጫ ጥቂት ራቅ ባለች ቀበሌ በአንድ ሠርግ ላይ ተገኝቶ ነበር። የሙሽራዪቱ ወንድም በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማ ይኖራል። አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሠርጉን ያሳየው ነበር። እናቲቱ በየጊዜው ወደ ስልኩ እየቀረቡ «ልጄ፣ ይታይሃል?» ይሉታል። አዝማሪው ነገሩን አይቶ ወደ ስልኩ ዞረና የወንድምየውን ስም ከነአባቱ ጠርቶ አሞገሰው፤ ከዚያም ግጥም እንዲሰጠው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። ዳሱ ጸጥ አለ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ፤ አዝማሪው አልመጣም ብሎ ሲጀምር የልጁ ግጥም ከመካከል ገብቶ ተደባለቀ፤ ሁለተኛ ቢሞከር እንደዚያው ሆነ። ሰውም ሳቀ። በዚህ ጊዜ አጎትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ተቀበል! ስለ እርሱ እኔ አለሁ» አሉና በልጁ ስም ግጥሙን ሰጡ፤ ብሩንም በአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉ። እናቲቱ ያን ጊዜ እልል አሉ።

ድምፁ የዘገየው በኔትወርኩ ድካም ብቻ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በዳሱ ውስጥ 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ማሲንቆውን ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ይሰማል። መዘግየቱ ከዚህ እጅግ ሲበልጥ ሰዎች አብረው ምት መጠበቅ ይቸግራቸዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ መልእክት ሄዶ ለመመለስ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል፤ እውነተኛው መስመር ጠማማ በመሆኑም ጊዜው ይረዝማል። እንግዲህ መነጽሩ የቱንም ያህል ቢሻሻል በዋሽንግተን ያለው ወንድም ከደምበጫ ዳስ ጋር እኩል ሊያጨበጭብ አይችልም። ይህ የገንዘብ ወይም የጥበብ ማነስ ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ነገር ግን የሠርጉ ትምህርት ከዚህ ይበልጣል። ወንድምየው ሥዕሉን አይቷል፣ ድምፁን ሰምቷል፣ አልቅሷልም፤ ይህን ከንቱ የሚል ሰው ስደትን የማያውቅ ነው። በዳሱ ውስጥ ያለውን ዕዳ የከፈለለት ግን ስልኩ ሳይሆን አጎቱ ነው። በአገራችን ሥርዓት የሌለ ሰው በሰው ይወከላል፤ ያን ዕለት የተገኘው ቦታውን የሚሸፍን ሰው ስለነበረው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ስንሰበስብ አንድ ሥርዓት ይታያል። መሣሪያው የጉባኤን ቦታ የያዘው ጉባኤው በተከለከለ ጊዜ ነው፤ በሰዓት እላፊ፣ በተሕዋሲ ወይም በስደት። ክልከላው ሲነሣ ሰው ወደ ጉባኤው ተመልሷል፤ መሣሪያውንም ለብቻ መስሚያና ለመታሰቢያ አስቀርቶታል። ስለዚህ ምናባዊው ኮንሰርት በዓይንና በጆሮ በኩል ከእውነተኛው ጋር ሊስተካከል፣ ምናልባትም ሊበልጥ ይችላል፤ ጉባኤ ግን የዓይንና የጆሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጉባኤ የተገኘ ሰው ሊጠየቅ ይችላል፤ ስሙ ሲጠራ መመለስ አለበት፤ ካልመለሰም ያፍራል። መነጽሩን አውልቆ የሚያመልጥ ሰው ዕዳ የለበትም፤ ዕዳ የሌለበትም እንግዳ ነው፣ ዘመድ አይደለም።

እንግዲህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያሳስበን መነጽሩ ከማሲንቆው ይበልጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ሊሆን አይገባም። የሚያሳስበው ሰው እንዳይሰበሰብ የሚያደርገው ነገር ነው። ካዛንቺስ በአብዛኛው በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ አዝማሪ ቤቶቹን የዘጋቸው ምናባዊ እውነታ አልነበረም። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ በግጭቱም ምክንያት መንገዱ አስፈሪ ሆነ። በዚያ ጊዜ የሩቁ ዘመድ በስልክ መምጣት አልቻለም፤ የቅርቡም ዘመድ በእግሩ ለመምጣት ፈራ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአበው ቃል የሚጠቅመው ጎረቤት ወደ ጎረቤቱ በሰላም መሄድ ሲችል ነው።

በመጨረሻም ጸሐፊው አንድ ተግባር ለባልንጀሮቹ ያሳስባል። በየዕረፍቱ ወደየአገራችን ስንሄድ የአዝማሪውን ድምፅ ብቻ አንቅረጽ፤ ግጥሙን ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደሸለመና ማን እንዳኮረፈ በጽሑፍ እንያዝ። በ1929 ዓ.ም. ከተገደሉት አዝማሪዎች ጋር የጠፋው ዜማ ብቻ ሳይሆን ይህ ሁሉ ነው። ድምፁን መሣሪያው ይጠብቅልናል፤ ጉባኤውን ግን ተገኝተን ካልጠበቅነው ሌላ ጠባቂ የለውም።